ለእማዬ፦ ስለ ቢራቢሮዋና ስለ ክሽክሹ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እኛ እዚህ ሜሪላንድ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

የላኩልሽን ፎቶ፣ ቢራቢሮዋንና ተክሉን የሚመጠውን ጥቃቅን ተባይ፣ ክሽክሹን፣ አይተሽ «ቢራቢሮዋ ታምራለች፤ ያንን ክሽክሽ ግን አመድ ነስንሺበት» ብለሻል። ጎመናችንን ስታድኚው የኖርሽው በአመድ ነው፣ አልረሳሁም። ይህን ሚልክዊድ የሚባል ተክል ግን አልነካውም።

ተክሉ እንደ ጦቢያው ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ወተቱ መርዝ አለው። ሞናርክ የምትባለዋ ብርቱካናማ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው እሱና የቅርብ ዘመዶቹ ላይ ብቻ ነው። ትሏ ቅጠሉን ስትበላ መርዙን ሰውነቷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ወፍ እንዳይደፍራት። ቢጫው ክሽክሽም ያንኑ መርዝ ያጠራቅማል። ሁለቱም የአንድ ማዕድ ልጆች ናቸው። አመድ ደግሞ ክሽክሹን ከትሏ አይለይም።

ክሽክሹን ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ አሳዘነኝ። እግሩ ጥቁር ነው፣ ሹል አፉን ግንዱ ላይ ሰክቶ ንቅንቅ አይልም። እዚያ ያሉት ሁሉም ሴቶች ናቸው። ያለ ወንድ፣ ያለ እንቁላል፣ እዚያው እንደተቀመጡ ልጅ ይወልዳሉ። አብዛኞቹ ክንፍ የላቸውም። ግንዱ ሲጨናነቅ ወይም ተክሉ ሲደክም ግን ክንፍ ያላቸው ልጆች ይወለዳሉ። እነሱ ሌላ ተክል ፍለጋ ይሄዳሉ፣ እናቶቹ እዚያው ይቀራሉ። እማዬ፣ ይህን ሳውቅ አንቺን አሰብኩ።

ቢራቢሮዋ ጉዞዋ ሌላ ነው። በሐምሌ የሚወጡት ጥቂት ሳምንት ኖረው ያልፋሉ። በመስከረም የሚወጡት ግን እስከ 8 ወር ይቆያሉ። ግማሽ ግራም የማትሞላ ፍጥረት ከዚህ ተነስታ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች! ሜክሲኮ፣ ሚቾአካን ተራራ ላይ፣ አይታው የማታውቀው የጥድ ጫካ ውስጥ ትከርማለች። ተመራማሪዎች እንኳ ቦታውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

«ያችው ራሷ ትመለሳለች ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አትመለስም። በመጋቢት ወደ ሰሜን መንገድ ትጀምራለች፤ ቴክሳስ አካባቢ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። እዚህ የሚደርሱት ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ናቸው። ሆዴ ባባ።

እኔ ግን ራሴ ነው የምመጣው። ለፋሲካ የሥራ ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ ልጆቹንም ይዤ እመጣለሁ። ዶሮውን ቀድመሽ እንዳትገዢ፤ ገበያ አብረን እንወጣለን።

ልጅሽ