ጠባቂው ስልኩን ቢሮ አስቀምጦ ይምጣ

ክቡር አዘጋጅ፣

ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ልጄን በዚህ ክረምት ዋና እንዲማር ሰፈራችን አቅራቢያ ባለ የወጣቶች ማዕከል አስመዘገብኩት። ክፍያው አይከብድም፣ አሰልጣኙም ጎበዝ ነው። በዚህስ ተመስገን።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የገንዳው ጠባቂ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። አንዲት ትንሽ ልጅ ጥልቁ ጋ ገብታ ኖሯል። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ አፏ ከውኃው ብቅ ጥልቅ ይላል። አልጮኸችም። እጇንም አላውለበለበችም። አንዲት እናት ከነልብሷ ገብታ አወጣቻት። የሚሰምጥ ሰው ለመጮህ ትንፋሽ አያገኝም፤ እኛ ግን ጩኸት እንጠብቃለን።

ውኃው ደፍርሶ ወለሉ አይታይም ነበር። እዚያ ውስጥ የሰመጠ ልጅ እንዴት ይገኛል? ለገንዳ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8 ነው። ልኬቱ በየቀኑ በር ላይ ይለጠፍልን። ጥልቀቱም በሜትር ገንዳው ዳር ይጻፍ። ጠባቂው ስልኩን ቢሮ ያስቀምጥ።

ልጄ ገና መንሳፈፍ እየለመደ ነው። ላስቋርጠው አልፈልግም።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ