12 ብቻ አልነበሩም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የባለ አንድ ገቢር ተውኔት ውድድር ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ልጆቹ ወደ ቀጣዩ ዙር ማለፋቸውን መጻፋችሁ ደስ ይላል። ግን «12 ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸውን ወክለው ቀረቡ» ይላል። 12ቱ እኮ ተዋንያኑ ናቸው። መብራቱን፣ ድምፁንና የመድረክ ዕቃውን የያዙት ልጆች የት ገቡ? ከፎቶው ሥር ደግሞ «ሙሉ ቡድኑ» ብላችኋል። ልጄ መብራት ላይ ናት። ፎቶው ውስጥ የለችም፣ ቁጥሩ ውስጥም የለችም።

ዘገባው በቴሌግራም ሲዞር አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደረሰ። ወዲያው ደወለች። «ልጅቷን ከቡድኑ አስወጧት እንዴ?» አለችኝ። ስንት ወር ሙሉ «ቲያትር ልምምድ ላይ ናት» ስላት ከርሜ ምን ብዬ ላስረዳት? ልጄ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር። «ተዪው እማ፣ ሁሌም እንዲህ ነው» አለች። ከዘገባው ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ መልሷ ነው። ገና በዚህ ዕድሜዋ መረሳትን ለምዳዋለች።

ጋዜጠኛችሁ አዳራሹ ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ፤ አይቼዋለሁ። እንዲያውም የጻፈው ነገር ራሱ መልስ ይሰጠዋል። በጣም ያደነቀው የመጨረሻውን ክፍል ነው። መድረኩ ቀስ በቀስ ጨልሞ በተውኔቱ ያለችው የእናትየዋ ፊት ብቻ ሲቀር ታዳሚው ትንፋሹን እንደዋጠ ጽፏል። እውነቱን ነው፣ እኔም ውጬ ነበር። ታዲያ ያንን ማን አደረገው? ተዋናይቷ እዚያው ቆማ ነበር። ያጨለመችው ከኋላ ያለች ልጅ ናት። ትንሽ ብትቸኩል ተዋናይቷ ንግግሯን ሳትጨርስ ፊቷ ይጠፋል። ትንሽ ብትዘገይ ያ ሁሉ ስሜት ይፈስሳል። ሥራዋን አድንቃችሁ እሷን ከቁጥር አወጣችኋት።

ይህን ውድድር የሚያካሂደው ዩአይኤል (ዩኒቨርሲቲ ኢንተርስኮላስቲክ ሊግ) ነው፤ ደንቡም ቀልድ አያውቅም። ትዕይንቱ ከ18 ደቂቃ ማነስ፣ ከ40 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። 40ን ካለፈ ምንም ያህል ግሩም ቢሆን ከውድድር ይሰረዛል። መድረኩን ለማሰናዳት የሚሰጠው 7 ደቂቃ ነው፣ ለማንሳትም 7 ደቂቃ። እነዚያን ደቂቃዎች ለማየት ዘጋቢያችሁ ቀደም ብሎ መግባት ነበረበት። ልጆቹ ሳይነጋገሩ ዕቃውን ቦታ ቦታው ሲያስይዙ፣ አንዷ ሰዓት ስትጠራ፣ ሌላው ወለሉ ላይ ምልክት ሲለጥፍ ያይ ነበር።

የመድረክ ግንባታውንም ተመልከቱ። ትምህርት ቤቶቹ በመሠረቱ የሚጠቀሙት አስተናጋጁ የሚያቀርብላቸውን ያንኑ ግራጫ ዕቃ ነው። ግራጫ ግድግዳ፣ ግራጫ ደረጃ፣ ግራጫ መቆሚያ። አንዱ ቡድን ቤተ መንግሥት ይለዋል፣ ሌላው እስር ቤት። ያንን ግራጫ ነገር ሌሊት ወይም ንጋት የሚያደርገው መብራት ነው። ዝናቡም ጦርነቱም በድምፅ ነው የሚመጣው። ይህን የሚሠሩት ተማሪዎች ናቸው፤ ደመወዝተኛ ባለሙያ ተቀጥሮ አይደለም።

በዚያ ላይ ውድድሩ ከዞን ተነስቶ ዲስትሪክት፣ ባይዲስትሪክት፣ ኤሪያ፣ ሪጅን እያለ እስከ ስቴት ይወጣል። አዳራሹም በየደረጃው ይቀያየራል። ተዋናይ ቃለ ተውኔቱን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። መብራት ላይ ያለች ልጅ ግን የሄደችበት ቦታ ያለው የመብራት መቆጣጠሪያ ቦርድ ሌላ፣ አምፖሎቹ የተሰቀሉበት ቦታ ሌላ ነው። ያዘጋጀችውን ሁሉ በአጭር የልምምድ ሰዓት እንደገና ታስተካክላለች። ልጄ ከዚህ ልምምድ ስትመለስ እራት እንኳ ሳትበላ ነው የምትተኛው።

ተዋንያኑን አሳንሱልኝ እያልኩ አይደለም። ግሩም ነበሩ፣ ይገባቸዋል። ግን ውድድሩ ራሱ ለቴክኒክ ልጆች ሽልማት አለው። ውድድሩ አይቶ የሚሸልማቸውን ጋዜጣችን እንዴት ማየት አቃተው? በየማኅበራችን ዝግጅትም ያው ነው። ድምፅ ማጉያው ላይ የተቀመጠው ልጅ የሚታወሰው ማይኩ ሲጮህ ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም ዞሮ ያፈጥበታል። ማይኩ በደንብ ሲሠራ አንድም ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» አይለውም። ልጆቻችን ኢንጂነር ይሁኑልን ብለን እንጸልያለን፤ ኤሌክትሪክና ኮምፒውተር ይዘው መድረክ ላይ ሲያኮሩን ግን አናያቸውም።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። በሚቀጥለው እትም 12 የሚለውን ቁጥር አርሙ። በዕለቱ ለታዳሚው የታደለው ወረቀት ላይ የሁሉም ስም አለ፤ የመብራት፣ የድምፅ፣ የመድረክ ልጆችና ተጠባባቂዎቹ ሳይቀሩ። ዘጋቢያችሁ ከጣለው እኔ እልክላችኋለሁ። ለቀጣዩ ዙር ስትመጡም ሙሉ ቡድኑን አስጠርታችሁ ፎቶ አንሱ። እናቴ ጋዜጣውን እየጠበቀች ነው።

ከአክብሮት ጋር
መብራት ላይ ያለችው ልጅ እናት