ከካልቨርቱ በታች ያለው ማሳ

ክቡር አዘጋጅ፤

መንገድ ሲመረቅ የአስፋልቱ ርዝመትና ወጪ ይነገራል። ውሃው ከካልቨርቱ፣ ማለትም ከመንገዱ ሥር ከሚያሳልፈው ቱቦ፣ ከወጣ በኋላ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። በደጋው ክፍል ከመንገድ በታች የምናያቸው ብዙ ቦረቦሮች መነሻቸው እዚያው የቱቦ አፍ ላይ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 7 ሜትር ስፋት ባለው አስፋልት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ከ1 ኪሎ ሜትር ብቻ 350 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይመጣል፤ አስፋልት አይመጠውማ። ከላይ ያለው ተዳፋት የሚልከው ሲጨመርበት መጠኑ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ድሮ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ በጎን ቦይ ተጠራቅሞ በአንድ ቀዳዳ ይለቀቃል። ማሳው ዋልካ ከሆነ ደግሞ በበጋ በተሰነጠቀው አፈር ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። የቦረቦሩ አናት በየክረምቱ ወደ ላይ እየተናደ ይመጣና የካልቨርቱን መውጫ ግንብ ከሥሩ ባዶ ያስቀረዋል። መንገዱም ከገበሬው እኩል ተጎጂ ይሆናል።

መውጫው ላይ ድንጋይ ማንጠፍ የተለመደ ነው። ችግሩ ንጣፉ ሁለት ሜትር ያህል ሄዶ ልል አፈር ላይ ማለቁ ነው። ጫፉ ላይ ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ ግንብ ከሌለው ውሃው ከሥር ገብቶ ይገለብጠዋል። ከዚያ በታች እስከ ወንዙ ድረስ ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ የጎርፉን ፍጥነት የሚቀንስ ትንሽ ግድብ፣ በተከታታይ ያስፈልጋል። የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር ማፍሰሻ (ውሃው ከላዩ ከሚያልፍበት ዝቅ ያለ ቦታ) ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይዋል፤ 10 በመቶ ተዳፋት ላይ ማፍሰሻው 1 ሜትር ከፍ ያለ ክትር በየ10 ሜትሩ ማለት ነው። ክትሩ የሚሠራበት ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ግራና ቀኝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ዳርቻው ይቀበር፣ መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል። አናቱ ቀጥ ብሎ የተደለደለ ጋቢዮን ጎርፉን ወደ ጎን ይገፋል፤ ሽቦው እንደቆመ ውሃው አጠገቡ ሌላ ቦረቦር ይከፍታል። ይህን ስህተት በየቦታው እናየዋለን።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም የግምገማው ሰነድ ላይ «የአፈር መሸርሸር ይቀነሳል» ተብሎ ተጽፎ በውሉ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ግን ክትሩ በሜትር ኩብ ተለክቶ ዋጋ ካልወጣለት ተቋራጩ አይሠራውም። እውነት ለመናገር፣ ያልተከፈለበትን ሥራ አልሠራህም ተብሎ ሊወቀስም አይገባም።

ርክክቡም ጥርና የካቲት ላይ ሲሆን ኮሚቴው የሚያየው ደረቅ ቱቦ ነው። የመጨረሻው ርክክብ መስከረም ላይ ይሁን፤ ከመፈረሙ በፊትም ኮሚቴው ከእያንዳንዱ መውጫ 100 ሜትር ያህል ወደ ታች ይውረድ፣ በእግሩ፣ ከማሳው ባለቤት ጋር።