የቡና ምልክትሽ

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ይህን ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

እኔ ደህና ነኝ። መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲዬ ጋላውዴት አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ዲግሪ እንዲሰጥ የፈቀደለት ትምህርት ቤት። ሰው ዶርሜን ሲያንኳኳ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ጎን ለጎን እየሄድን ስናወራ ዓይናችን እጅ ላይ ነው፤ ፊታችን እንቅፋት ካለ ጓደኛ ክንዳችንን ሳብ ያደርገናል። አንቺ «ማን ሥራ ይሰጣታል?» እያልሽ ትጨነቂ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ የተሾሙት የዚህ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ሁሉ መስማት የተሳናቸው ናቸው።

ቅዳሜ እንጀራ ገዝቼ የዶርም ልጆችን ጋበዝኩ። በእጅ እየበሉ በእጅ ማውራት እንዴት ይቸግራል! ቀኛችን ወጥ ነክቷል፣ በግራ ተንተባተብን። ከዚያ አንዷ «ቡና በናንተ ምልክት እንዴት ነው?» አለችኝ። በጣት ፊደል ጻፍኩላት። የኛ ፊደል እንደነሱ 26 ብቻ አይደለም፤ አንዱ የእጅ ቅርጽ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በ7 ዓይነት እንቅስቃሴ ይለያል። «ፊደላችሁ ይንቀሳቀሳል!» ብላ ተገረመች።

ከዚያ ሳላስበው ያንቺን አሳየኋት። ግራ እጅ ሲኒ ይይዛል፣ ቀኙ ጀበናውን ዘንበል ያደርጋል፣ አፍንጫ ወደ ጭሱ ቀና ይላል። አሁን ቡና ያማረው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ያንቺን ምልክት ያሳየኛል።

ወንድሜ «ልጄን ሳላናግራት አደገች እያለች ታለቅሳለች» ብሎ ጻፈልኝ። እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የከፋኝ ጊዜ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ሲስቅ «ምን አሉ?» ብዬ እጠይቅሻለሁ። «በኋላ» ትይኛለሽ። በኋላ ደግሞ ይረሳል። ጠበል ለጠበል ስታዞሪኝም ምን እንደጎደለኝ የሚነግረኝ አልነበረም።

ግን አላናገርሽኝም አይባልም። «ዝናብ መጣ፣ ልብሱን አስገቢ» የሚለውን ማን አስተማረኝ? አባዬ ሲቆጣ ጣትሽን ግንባርሽ ላይ ስታደርጊ ይገባኝ ነበር። በ7 ዓመቴ አዳሪ ትምህርት ቤት ስገባ፣ የሚያናግራቸው አጥተው የመጡ ልጆች ነበሩ። እኔ በእጅ ማውራት ካንቺ ለምጄ ስለገባሁ ምልክቱ ቶሎ ያዘልኝ።

ለፋሲካ አልደርስም፤ ክረምት ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ወንድሜ ስሜን በጣት ፊደል ያለማምድሽ። እሑድ በቪዲዮ እደውላለሁ። መስኮቱን ከጀርባሽ አታድርጊው፣ ፊትሽ ይጨልምብኛል። ስልኩን እሱ ይያዝልሽ፤ ሁለቱም እጆችሽ ነፃ ይሁኑ።

ልጅሽ