የማን ነው? የባህልና ውዝዋዜ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ክበባችን መሰብሰቢያ ክፍል አልነበረውም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን፣ የተሰባበሩ ወንበሮች ይከማቹበት የነበረውን ክፍል የተረከብነው በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ነው። ወንበሮቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው ተሸክመው አወጡ፣ ወለሉን አጠቡ፣ የመስኮቱን ሽንቁር በማዳበሪያ ከረጢት ደፈኑ። የዚያን ዕለት 34 ነበሩ። ይህን ስጽፍ 27 ናቸው። ስለቀሩት ሰባት ዝቅ ብዬ እናገራለሁ፤ መሸሸግ አልፈልግም።

በመምህራን ማረፊያም ሆነ በወላጆች ስብሰባ ላይ በየዓመቱ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ውዝዋዜ ለተማሪ ምን ያደርግለታል?» ዘንድሮ አንድ ወላጅ ጠንከር አድርገው «ተማሪ ታዘፍናለህ አሉ» ብለውኛል። አልተቀየምሁም። ግን መልሱን እዚህ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወደድሁ፤ ጥያቄው በሚቀጥለው ዓመትም እንደሚመጣ አውቃለሁና።

ለአራት ዓመት ይህን ክበብ የመራሁት ሁላችሁም በምታውቁት መንገድ ነበር። ትከሻቸው የሚያምርላቸውን ስምንት ልጆች መምረጥ፣ ቁምጣና ጥልፍ ቀሚስ መከራየት፣ ለወላጆች በዓል አንድ ዘፈን ማስጠናት፤ የቀረው አባል ማጨብጨብ። የደርግ ዘመኑን የጎጃም የባህል ቡድን፣ ግሽ ዓባይ ኪነትን፣ የሚያስታውሱ ወላጆች ይህን ዓይነት ነገር ይወዱታል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ ለምን እንደሚወዛወዝ ሲናገር አልሰማሁም። ያዩትን ይደግማሉ። ድሮ መድረክ ላይ፣ አሁን ስልክ ላይ ያዩትን።

ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ስለ አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን ሰማሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር በአዲስ አበባ ሠርቶ ነበር፤ ከነዚያ ውስጥ 18 ልጆች ለአምስት ዓመት ሠልጥነው አዱኛን መሠረቱ። በኋላም አካል ጉዳት ካለባቸው ወጣቶች ጋር አብረው ደነሱ። ከዚህ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አሠራሩ ነው። በማኅበረሰብ ዳንስ «አንተ ትችላለህ፣ አንቺ አትችይም» የሚባል መግቢያ ፈተና የለም፤ የመጣው ሁሉ ይገባል፣ የገባው ሁሉ ከራሱ የሆነ ነገር ያዋጣል። የእኛ ሰው ይህን በደቦና በወንፈል ያውቀዋል። በሠርግ ቤትም ያውቀዋል፤ ዳስ ውስጥ ማን ቁጭ በል ይባላል? መድረክ ስንሠራ ነው የተረሳው።

ስለዚህ ዘንድሮ ምርጫውን ተውሁት።

ረቡዕ ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ እንገናኝ ነበር። ስለ መደበኛ ስብሰባዎቻችን ብዙ የምለው የለኝም፤ ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ደንብ ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤው በጸሐፊዋ እጅ ይገኛል። ዋናው ሥራ በኅዳር የሰጠኋቸው ልምምድ ነው። «ከቤታችሁ አንድ የሥራ እንቅስቃሴ አምጡ። ዘፈን የለም፣ ከበሮ የለም። ስታሳዩን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችኋለን፤ የማን ነው?» መልሱን በደብተራቸው ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት በሳቅ አለቀ። በሁለተኛው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን ፍትል አመጣች። ቀኝ እጇ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ያሾራል፣ ግራ እጇ ፈትሉን እየሳበ እስከ ትከሻዋ ይወጣል፤ ክንዷ ሲወጣ ትከሻዋ ይከተላል። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ስትደጋግመው ትከሻው ራሱ መናገር ጀመረ። ማንም «እስክስታ ምቺ» አላላትም። ሌላዋ፣ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ያመጣችው ቋጠሮ መፍታት ነው። እናቷ ስንቅ ቋጥራ የላከችበትን ጨርቅ ማታ ብቻዋን ስትፈታ። ጣቶቿ ቋጠሮው ላይ ደርሰው ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይደርሳሉ። እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላችን ስንት እንዳለ የምታውቁት ናችሁ፤ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ እኛ የመጣ አንድ ተማሪ አለን። ዝማሜ እንዲያሳየን ጓደኞቹ ወተወቱት። «ዝማሜ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚህ አላመጣውም» አለ። ልክ ነው፤ እኔም ደገፍሁት፣ ክርክሩም እዚያው ቆመ። በሳምንቱ ግን ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ የሚመላለስባትን የዛፍ ጥላ ይዞ መጣ። ሰባት ርምጃ ወደፊት፣ መዞር፣ ቃል ሲጠፋ ባሉበት ተተክሎ መቅረት፣ ቃሉ ሲገኝ ተረከዝን አንሥቶ መቀጠል። የቅኔ ደቀ መዝሙር እንዴት እንደሚንከራተት በጎጃም ምድር ኖረን ያላየን ሰዎች ያየነው ያኔ ነው።

አሁን ወደ አንድ ተማሪ ልምጣ። 10ኛ ክፍል ነው፤ ስሙን አልጠቅስም፣ እሱም እንዲጠቀስ አይፈልግም። አባቱ ገበሬ ናቸው። ያመጣው ጤፍ ሲነፍስ የሚደረገውን፣ በላይዳ፣ በእንጨት መንፊያው፣ ወደ ላይ መበተንን ነው። ጎንበስ ብሎ ያፍሳል፣ ቀኝ ትከሻው ይነሣል፣ ከዚያ ይቆማል። ሁላችን ወርደን ስንጨርስ የእሱ ትከሻ ገና ላይ ነው። ምቱን ያበላሽብናል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አረምሁት። «ቁጠር፣ አትዘግይ» እለዋለሁ፤ «እሺ መምህር» ይልና እንደገና ይዘገያል። ደብተሩ ላይ «የማን ነው?» ለሚለው የጻፈው መልስ አልነበረም።

አባቱ ክበቡን እንደማይወዱት በልጁ በኩል ልከውብኝ ነበር። «ለፊደል እንጂ ለዘፈን አልሰደድሁትም» የሚል ነው መልእክቱ። እንዲያም ሆኖ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ጥር ማለቂያ ላይ፣ አውድማ ለማየት ፈቃድ ብንጠይቃቸው ፈቀዱ። አንድ ማክሰኞ ማለዳ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን ጎዛምን ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ተጓዝን፤ 19 ተማሪዎች፣ እኔና አንዲት ባልደረባዬ። ለመኪና የጠየቅነው ገንዘብ ስላልተፈቀደ ነው በእግር የሄድነው። በውሃ ጥምና በእግር ቁስል የተመለሱ ልጆች ነበሩን፤ ይህን የምጽፈው የሚመለከተው አካል እንዲያነብበው ነው።

አውድማው በእበት ተለቅልቆ እንደ ምጣድ ለስልሷል። በሬዎቹ አበራይተው ወጥተዋል፣ ገለባው በመንሽ ተነሥቷል፣ የቀረው ማንፈስ ነው። አባትየው ጫማችንን አስወለቁን፤ ምርት በጫማ አይረገጥም። ከዚያ እኛን ረስተው ወደ ሥራቸው ገቡ። ጎንበስ ብለው አፈሱ፤ ቀኝ ትከሻቸው ተነሣ፤ ቆመ።

ላይዳው አየር ላይ፣ ጤፉ ላይዳው ላይ፣ ሰውዬው ጸጥ ብለው ጉንጫቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ነበር። ነፋስ እየጠበቁ ነው። ሽው ሲል በተኑት፤ ገለባው ወዲያ፣ ፍሬው ወዲህ። እንደገና አፈሱ፣ አነሡ፣ ቆሙ።

ልጁን አየሁት። እሱም አየኝ። ሦስት ጊዜ ያረምሁት ይህን ነበር።

ረፋዱ ላይ ነፋሱ ጨርሶ ጠፋ። ሁሉም ቁጭ አለ፣ እርጎ ቀረበልን። ተማሪዎቹ ጓደኛቸውን «አሳያቸው፣ አሳያቸው» እያሉ ጎተጎቱት። አንገቱን ደፍቶ እምቢ አለ። እኔም አላስገደድሁትም፤ አባቱ ፊት ነው። በመጨረሻ ራሱ ተነሥቶ ባዶ እግሩን ከአውድማው ዳር ቆመና ጀመረ። ከበሮ የለም፤ ጭብጨባም የለም። ማፈስ፣ ማንሣት፣ መቆም። ትከሻው ሲወርድ በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ ከአንገቱ ሥር ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠ ወደ ክንዱ ወረደ፣ ልክ እንደሚበተን ጤፍ።

አባትየው ዋንጫቸውን ይዘው ሲያዩ ቆዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብሁም። ከዚያ ተነሡ። ተቆጡ ብዬ ልቤ ደነገጠ። «እግርህ» አሉት። «ነፋሱ ከቆላ ሲመጣ እንዲህ ተቁሞ ገለባውን ትበላዋለህ። ግራህን ወደኋላ።» ጎኑ ሄደው ቆሙ። ላይዳ ሳይዙ፣ በባዶ እጃቸው፣ አፈሱ፣ አነሡ፣ ቆሙ። ልጁም አብሯቸው። ሁለት ትከሻ እኩል ተነሥቶ እኩል ሲጠብቅ ዓይኔ አየ። እናትየው ከጎጆው ደጃፍ እልል አሉ፤ ልጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አንዱ «እንደገና!» አለ።

ነፋሱ መጣ። አባትየው ላይዳቸውን አነሡ፣ ልጁም ሁለተኛውን አነሣ፣ ጭብጨባችን ተንጠልጥሎ ቀረ። ሥራ ነው፤ ነፋስ አይጠብቅም።

ስንሰናበት «አንቱ መምህር፣ ይሄን ነው የምታስተምሩት?» አሉኝ። «አይ፣ ይሄን ነው የምማረው» አልኋቸው። እውነቱ እሱ ነበር። በሳምንቱ የልጁ ደብተር ላይ «የማን ነው?» ከሚለው ሥር እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፦ «የአባቴ። ከእሱ በፊት የአያቴ እንደ ነበር ጠይቄ አውቄአለሁ። አያቴን አላየሁትም።» ይህ ተማሪ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ነበር። አሁን ያወጣል። ይህ በውዝዋዜው ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ለሚጠይቁኝ ወላጅ መልሴ ይኸው ነው። አንድ ልጅ ተሸክሞት የኖረውን ነገር የማን እንደሆነ ካወቀ፣ ቆሞ ለመናገር የሚያፍርበት ምክንያት ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ ምቱን ለሁሉም ለወጥነው። አሁን 27ቱም በማንሣትና በማውረድ መካከል ይቆማሉ። ለምን እንደሚቆሙ ሁሉም ያውቃሉ።

ስለቀሩት ሰባት አባላት ቃል ገብቻለሁ። ሦስቱን ወላጆቻቸው ከለከሏቸው፤ ሁለቱ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅት ብለው ተሰናበቱ፤ ሁለቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ስለ ሁለቱ እስካሁን ያዝናል ልቤ። መንገድ በመዘጋቱ ያልተገናኘንባቸው ሳምንታትም ነበሩ፤ ምክንያቱን ሁላችንም ስለምናውቅ አልዘረዝረውም። በየካቲት ደግሞ የከበሮአችን ቆዳ ተቀደደ። አዳራሽ ለመለማመጃ ስንጠይቅ «አዳራሹ ለስብሰባ ነው» ተባልን። ሲከፈት ያየሁት በዓመቱ ስድስት ጊዜ ነው።

የወላጆች በዓል ሰኔ ውስጥ ተከበረ። 20 ደቂቃ ተይዞልን ነበር፤ ንግግሮች ስለረዘሙ ሰባት ደቂቃ ደረሰን። በሦስተኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ፣ ድምፅ ማጉያውም አብሮ። ልጆቹ አልቆሙም። አንዱ ሮጦ ከጽዳት ሠራተኞች ጀሪካን አምጥቶ ገልብጦ መታው፤ ፍትሉ፣ ቋጠሮው፣ የቅኔው ርምጃ፣ የአውድማው ትከሻ በጀሪካን ምት አለቀ። ከወንበራቸው ተነሥተው ያጨበጨቡትን ወላጆች በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። ከመካከላቸው «ተማሪ ታዘፍናለህ» ያሉኝም ነበሩበት፤ አየሁዎት፣ እግዜር ይስጥልን።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ብዙ አይደለም። በአንደኛ ደረጃ ልጆቹ የክዋኔና የእይታ ጥበባት ይማራሉ፤ እኛ ጋ ሲደርሱ ያ ሁሉ በሳምንት አንዲት ረቡዕ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አዳራሹ በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈትልን። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ የመኪና ኪራይ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት እንዲያስብበት በደብዳቤ ጠይቀናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። የዘንድሮው ደብተሮች በእኔ ዘንድ ተቀምጠዋል፤ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ልጁን አስፈቅዶ ይምጣ።

ከበሮውን በተመለከተ፦ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ያ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከቀዬው ሲመለስ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ መጣ። ለፋሲካ የታረደ የቅርጫ በሬ ቆዳ ነው። «አባቴ ለከበሮው ብሎሃል» አለኝ። ቆዳው ደርቆ ክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ተወጥሮ ይገኛል። ከበሮ ቆዳ የሚያለብስ ባለሙያ የምታውቁ፣ ወይም የእጅ ዋጋውን ልትችሉልን የምትፈልጉ፣ ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ታገኙናላችሁ።