ታንኳውን ከየት ላምጣው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በባህል ዓምዳችሁ የወጣውን የሥዕል ዐውደ ርዕይ ዘገባ አነበብኩት። ወጣቶቹን ማመስገናችሁ ደግ ነው፤ እጃቸው ይባረክ። እኔን ያንገበገበችኝ «ጎጃም ለመጀመሪያ ጊዜ በሸራ ላይ ተሣለች» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ናት።

ለመጀመሪያ ጊዜ! ማንን ጠይቃችሁ? አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን አታውቋቸውም እንዳልል፣ የጎጃም ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሱት እሳቸው ናቸው። ከዓባይ ማዶ መጥተው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ስማቸው የገነነው አለቃ ታሪክ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆኑ ሠዓሊም ነበሩ። ብዕራቸውን ወስዳችሁ ብሩሻቸውን ጣላችሁት ማለት ነው።

«የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሌላ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ሸራ ካላችሁ ግን፣ በየመቅደሱ ግድግዳ የምናየው ሥዕል ብዙው በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ጥጉ ላይ የተላቀቀውን ጠርዝ ከነክሩ ያገኘዋል። ነገሩም የሰማይ ብቻ አይደለም። በእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ሥዕሉን ያሣለው ሰው ነው። የሄሮድስ ጭፍራ ያነገበው ጋሻም የአገራችን ጋሻ ነው። ሠዓሊው ቤተ ልሔምን የት አይቶ? ያየውን አገሩን ሣለ እንጂ!

እኔም ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሥዕል ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዕድሜ ልኬን የሣልኩት ይህችኑ ከተማ፣ አባቶቻችን መንቆረር የሚሏትን ነው። አኩፋዳውን አንግቶ ከውሻ የሚታገለውን የቆሎ ተማሪ፣ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ አህያ የሚነዳውን ገበሬ ሥያለሁ። (ያንን አረንጓዴ ሱቅ አታገኙትም። ቢጫ ጨምሬ፣ ጥቁር ጠብ አድርጌ፣ ፀሐይ የበላው መልኩ ግን እስካሁን እንዳስቸገረኝ ነው።) ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ፣ በመጋቢት 1933 ደብረ ማርቆስ የገቡበትንም ቀን አባቴ ሲያወራ እንደሰማሁት ሥያለሁ። አዲስ አበባ የገቡበትን ሚያዝያ 27ን የማያውቅ የለም፤ የኛን ቀን ማን ያነሣዋል?

እነዚህን ጭኜ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄድኩ። የሥዕል ማሳያው ኃላፊ ገልበጥ ገልበጥ አደረጋቸውና «ጋሼ፣ ታንኳ ያለበት የለዎትም? ጎጃም ሲባል ሰው የሚጠብቀው ጣናን ነው እኮ» አለኝ። ልጄ፣ እኛ ያለነው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ደጋ ላይ ነው። ታንኳውን በጨሞጋ ወንዝ ልቅዘፈው? ሥዕሎቼን እንደጫንኩ ተመለስኩ።

ጣናም የኛው ነው፣ ጢስ ዓባይም የኛው ነው፤ ማንም አይጠላቸውም። ግን የእናንተም ዘገባ ፎቶዎች ታንኳ፣ ፏፏቴ፣ ደግሞ ታንኳ ናቸው። ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከቡሬ አንድ ሰው ብትጠይቁ ምን ነበረበት? ስልክ እንደሆነ እኛም ጋ ይሠራል፤ መብራት ባለ ቀን።

የምጠይቀው ቀላል ነው። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የምትለዋን ሰርዙ፤ አለቃንም በሠዓሊነታቸው በስማቸው ጥሩልን። ቦታ ጠበበን እንዳትሉ ብቻ፤ ለታንኳው ግማሽ ገጽ ተገኝቶ የለ?

ጡረተኛ የሥዕል መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ