ለመሪጌታ፣ ከሐዋሳ

መሪጌታ!

አዎ፣ እኔ ነኝ። ስሜን ስታይ «ይሄ ሰውዬ አለ እንዴ?» ማለትህ አይቀርም። ለአባትህ ለቅሶ አልመጣሁም። አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸውም አለፈ። በዘገየሁ ቁጥር አፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር ዘገየሁ። ይቅር በለኝ። ስንገናኝ ፊት ለፊት ትሰድበኛለህ። አሁን ግን ሌላ ጣጣ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ያስገባሁህም አለ።

ሚጣ አትተኛም። (ወልደናል! ይሄንንም አልነገርኩህም። አምስት ወሯ ነው። አፍንጫዋ የኔ ነው፣ ምስኪን።) ቀን እንደ ድንጋይ ትተኛለች፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቡና እንደጠጣ ሰው ዓይኗ ይፈጣል።

ባለፈው ሱቅ ውስጥ የአንድ ደንበኛ ስልክ ተበላሽቶ ፋይሉን ስገለብጥ አንድ አልበም አገኘሁ። ማዳመጥ አልነበረብኝም፣ ግን ታውቀኛለህ። ባይረን ሜትካፍና ስቲቭ ሮች የሚባሉ አሜሪካውያን በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፣ ሁለት ሲዲ ሙሉ። ሜትካፍ ከበሮ ይመታል፣ ሮች ሲንተሳይዘር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይጫወታል። ዘፋኝ ወጥቶ «ሆዴ» የሚልበት ሙዚቃ አይደለም። ሲንተሳይዘሩ ጠዋት ሐይቁ ላይ እንደሚተኛው ጉም ከስር ይነጠፋል፣ ከበሮው በላዩ ይሄዳል። አንዳንዴ እንስራ በመዳፍ ሲመታ የሚመስል ድምፅ ይሰማሃል።

አንተ ጥምቀት ላይ ከመፍጠንህ በፊት የምትቆይባት ነገር ነበረች፣ ትዝ አለችህ? የከበሮህን ሰፊ አፍ ትመታና፣ ጉምጉምታው ሳያልቅ ጠባቡን በጣትህ ጫፍ ነካ። እኔ አጠገብህ መቋሚያ ይዤ «አሁን ይለቀዋል፣ አሁን ይለቀዋል» እል ነበር። እነዚህ ሰዎች አይለቁትም። ይዘውት ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሰለቸኝ፣ እውነቴን ነው። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ግን ትንፋሼ ከምቱ ጋር መግጠሙን ሳላውቀው ቆየሁ። ዝቅ አድርጌ ለሚጣ ከፈትኩላት። እጇን ደረቴ ላይ እንዳደረገች ተኛች። መሪጌታ፣ ተኛች!

ብራያን ኢኖ የሚባለው እንግሊዛዊ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ በ1978 እ.ኤ.አ. «አምቢየንት» ብሎ ስም ሲያወጣለት፣ ሙዚቃው ልብ ባትለውም ቅር የማይለው እንዲሆን ፈልጎ ነበር። አማቴን አያውቃትም። ከጓዳ ወጥታ «የምን ዛር ነው ልጅቷ ላይ የምትጠሩት?» አለችኝ። ጭራሽ የአልበሙ ስም «የእባቡ ጎሬ» ማለት ነው! ይሄን ብነግራት በማግስቱ ሁላችንም ጠበል ነበርን። ደንግጬ «የሰንበት ተማሪ ጓደኛዬ ነው የሚመታው» አልኳት።

አንተን ማለቴ ነው።

እሷም ዝም ብላ አዳመጠችና «እጁ ይባረክ» አለች። አሁን በየማታው «የዚያን ልጅ ክፈትላት» ትላለች። ይባስ ብላ ለታኅሣሥ ገብርኤል እንድትመጣ ልትጋብዝህ ነው። ዶሮ ሁሉ ታስባለች። እኔ ሁለት ዓመት ያልደወልኩለት ሰው እንግዳችን ሊሆን ነው።

እና… እንዴት ልበልህ። ከበሮውን አባትህ እንዳሠሩልህ አልረሳሁም። ከዚያ በኋላ አውርደኸው እንደሁ አላውቅም። ካልቻልክ ይገባኛል፣ አማቴን እኔ እችላታለሁ። ከቻልክ ግን በስልክህም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ቅዳልኝ። ያቺን ዝግተኛዋን፣ ሳትፈጥን። ውሸቴ እውነት እንዲሆን ብቻ አይደለም። እኔም ናፍቃኛለች።

ቆዳው ረግቦ ከሆነ ፀሐይ ላይ አውጣው። ላንተ ይሄን መንገሬ!

ተነሳች፣ ልሂድ።

ያንተው